እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ማሽን

ለምንወድሽና ለምንሳሳልሽ እህታችን ለሀያት ሰዒድ፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? የዚያ አገር ሙቀትስ በረድ አለ ወይስ አሁንም ሰውን እንደ ቋንጣ ያደርቃል? የምትንከባከቢያቸው አሮጊት እንዴት ናቸው? መድኃኒታቸውን ትራስ ሥር መደበቃቸውን ትተዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። አባታችን ደህና ናቸው፤ መነጽራቸው ተቀይሯል፤ አሁን መርፌውን ብቻ ሳይሆን የኛንም ጥፋት አጥርተው ያያሉ። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ከደመናው ጋር እየተመካከረ ይነሳባታል። እኔም ደህና ነኝ። ሱቄም ደህና ናት፤ መጻሕፍቱ ሁሉ ትተሻቸው በሄድሽበት መደርደሪያ ላይ አሉ፣ የነካቸው የለም። ደብተርና እስክሪብቶ ግን አላህ ይመስገን ይሄዳል። የጎደልሽብን አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሱንም እናታችን ለእራት ሳህን ስትደረድር አንድ እያተረፈች ታስታውሰናለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ልጅ አንዋር ወደ ጅዳ ተመላሽ ነው፤ ከምንልክልሽ በርበሬ ጋር ወረቀት መያዝ አይከብደውም። ስልኩን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ኔትወርክ ከመጣ እናታችን ትይዘዋለች፤ እናታችን ከያዘችው ኔትወርኩ ራሱ ደክሞት ይሄዳል። ነሐሴ ላይ «የጉናው ማሽን ልጄን ከሥራዋ ሊነቅልብኝ ነው» ብላ ስታለቅስብሽ መስመሩ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህም በደወልሽ ቁጥር ቁንጽል ቁንጽሉን እየሰማሽ እንደከረምሽ እህታችን ሂክማ ነግራኛለች። ስለዚህ አሁን ከሥሩ ልንገርሽ። መጨረሻው ደስ ይላልና ልብሽን አሳርፈሽ አንብቢ። ደስ የማይል ቢሆን ኖሮ የሚጽፉልሽ አባታችን ነበሩ፤ እሳቸው መርዶ በሁለት መስመር ይጨርሳሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ አባታችንን «ሂክማ ከልጅነቷ ጀምሮ ለማሽን ልዩ ፍቅር ነበራት ይባላል» አላቸው። አባታችን መቀሱን ሳያስቀምጡ «ፍቅር አይደለም፤ ጠብ ነበር» አሉት። ያን የኢድ ዋዜማ መቼም አትረሺውም። ሰዉ ልብሱን ሊወስድ ገበያ መሐል ያለችውን የቆርቆሮ ሱቃችንን ከቦ ቆሟል፤ ሂክማ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የአባታችንን የስፌት መኪና «ትንሽ ፍጥነት ልጨምርላቸው ብዬ» ብላ ፈትታ ገጥማዋለች። ፍጥነቱስ ጨመረ። የእድራችንን ዳኛ ሱሪ ከአባታችን እጅጌ ጋር ሰፍቶ እስኪጨርስ ድረስ ጨመረ። አባታችን የሰውየውን ሱሪ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ሶላት ሊሄዱ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪናው ሲበላሽ የሚጠሩት እሷን ሆነ። «ያበላሸ እጅ መንገዱን ያውቀዋል» ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ የገበያው ልብስ ሰፊ ሁሉ ይጠራት ጀመር።

በዚህ በኩል ይህ አለ፤ በዚያ በኩል ደግሞ እናታችን አለች። ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ ስታይ ሰውነቷን ይበርዳታል። ሶፋው ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ የውሃ ማጣሪያው ዳንቴል። አንቺ የላክሽው ኮምፒውተር እንኳ ከካርቶኑ በወጣ በማግስቱ ለበሰ። የአባታችን ራዲዮ ዓለም በጦርነት ስትታመስ ወሬዋን የሚያወራው ከነጭ አበባ ሥር ሆኖ ነው። ሂክማ ያን ራዲዮን ፈታትታ የተያዘች ቀን እናታችን የተቆጣችው ስለ ራዲዮው አልነበረም፤ ዳንቴሉን መሬት ላይ በመጣሏ ነው። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሂክማ በባዮሜዲካል ምሕንድስና ስትመረቅ አባታችን ለደንበኛ ሁሉ «ሐኪም ሰው ያክማል፤ የኔ ልጅ የሐኪሙን ዕቃ ታክማለች፤ እስቲ ማን ይበልጣል?» እያሉ ያስረዱ ነበር። ደንበኛው ልብሱ ገና አልደረሰለትምና «የርስዎ ልጅ ትበልጣለች» ይላል። መጀመሪያ በተመደበችበት ሆስፒታል ግን የጠበቃት አንድ መጋዘን ሙሉ የሞተ ማሽን ነበር። ከየአገሩ በርዳታ የመጣ፣ መመሪያው በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈ፣ መለዋወጫው ባሕር ማዶ የቀረ። ገሚሱን አስነሳችው። ለእረፍት የመጣች ጊዜ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ «ነስሩ፣ እነዚህ ማሽኖች አልተበላሹም፤ አገሩ ነው ያልተስማማቸው። እዚሁ የተወለደ ማሽን ያስፈልገናል» አለችኝ። እኔም የወንድም ምክሬን ሰጠኋት፤ መንግሥት ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥን የመሰለ ነገር የለም አልኳት። ምክሬን ምን ያህል እንደምትሰማ ታውቂያለሽ።

አቶ ሙላቴን፣ ባለ ወፍጮውን፣ መቼም አትረሻቸውም። ዛሬ ያ ወፍጮ ቤት የሕክምና መሣሪያ ማምረቻ ነው። ሂክማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሄዳ ለመናቻቸው፣ እሳቸውም ሌሎች ባለአክሲዮኖች ሰብስበው እሺ አሉ። ግድግዳው ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ ስንት ጊዜ ተቀብቶ፣ ዛሬም ከተደገፍሽው ትከሻሽ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የጉሉኮስ መስቀያ ሠሩ። ቀጥሎ የታማሚ አልጋ። ከዚያ ሂክማ ራሷ የነደፈችውን የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን የሚተኛበት፣ ክዳኑ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ሳጥን ነው። ከሥሩ ኮሞዲኖ የመሰለ አካል አለው። እዚያ ውስጥ ያለው ማራገቢያ በጀርባ በኩል አየር እየሳበ፣ እያሞቀ፣ ወደ ሕፃኑ ይሰደዋል። አየር ሲያጥረውና መጋል ሲጀምር ሕፃኑን እንዳይጎዳ ራሱን አጥፍቶ ይጮኻል። በፀሐይ መብራትም ይሠራል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሂክማ ተጠባባቂ ሆና ቦታውን ያዘች። ተጠባባቂ ማለት ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ ወንበሩ ያንቺ አለመሆኑን በየቀኑ መስማት ነው።

ማሞቂያው ለሙከራ በየጤና ጣቢያው ተተከለ። ሐሙሲት ከተማ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉትም ሠራ። ጉና ተራራ ላይ የተተከለው ግን እምቢ አለ። እምቢ ማለቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ እምቢታው ወግ ያለው እምቢታ ነው። ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ ስልክ ይደወላል፣ ባለሙያ ይሄዳል። ባለሙያው ሲደርስ ማሽኑ እንደ ታረመ ልጅ ዝም ብሎ ይሠራል። ባለሙያው ጉናን ወርዶ ክምር ድንጋይ ከተማ ሳይገባ ስልኩ ይጮኻል፤ ማሽኑ እንደገና ጮኸ። አንዱ የፀሐይ መብራቱ ነው አለ። የሂክማ የሥራ ባልደረባ ደረጄ ከፍታው ነው ብሎ ብዙ ገጽ ጻፈ። እዚያው ጉና ያሉት ደግሞ ዓይን በልቶታል አሉ። ሦስቱም ማስረጃ አልነበራቸውም፤ የደረጄ ብቻ ሥዕል ነበረው።

ነገሩ ሲደጋገም አቶ ሙላቴ ሂክማን አስጠሯት። «ልጄ፣ ወፍጮዬ ሲጮህ ድንጋዩን እቀይር ነበር እንጂ አልጨቀጭቀውም። የጉናው እስከ መስከረሙ የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ካልተስተካከለ ማሞቂያውን ትተን አልጋችንን እንሥራ፤ አልጋ አይጮህም» አሏት። አልጋ ለመሥራት ደግሞ የሷ ዓይነት መሐንዲስ አያስፈልግም። ወንበሩም ለሌላ ሰው ይሆናል፤ እሷም እንጀራዋን ፍለጋ ከዚህ አገር ትወጣለች። እናታችን ያለቀሰችብሽ ይህን የሰማች ቀን ነው፤ አንድ ሳህን የምታተርፍበት ማዕድ ላይ ሁለተኛ ልትጨምር መሆኑ ገብቷታል። ሂክማ ግን «ወንበሩን ይውሰዱት፤ ጉና ላይ በዚህ ብርድ ያለ ጊዜዋ የምትወልድ ሴት ምን ልትሆን ነው?» ብላ እህል አልቀምስ አለች።

በመጨረሻ ራሷ ልትሄድ ተነሳች። አባታችን «ብቻዋን አትወጣም፤ ወንድሟ ይከተላት» አሉ። ወንድሟ ማለት እኔ ነኝ፤ የሱቄን ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ የማርፍ ሰው። ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት ይባላል፤ ጉና ይህን ተረት አልሰማም። እስከ ክምር ድንጋይ በሚኒባስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ጭቃ ስለበላው ሞላ የሚባል ባለበቅሎ ተቀበለን። በቅሎዋ የመጣችው ለሂክማ ነበር፤ የተቀመጥኩባት እኔ ነኝ። ሞላ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ልጓሙን ይልቀቁላት፤ መንገዱን እሷ ታውቀዋለች» ይለኛል። ስለ ማሽኑ ሲጠየቅም «ያ ሳጥን እንግዳ ይወዳል። እናንተ ስትመጡ ጭጭ፣ ስትሄዱ ኡኡታ። አማቴ ልክ እንደዚያ ናት» አለ። ሂክማ ከጉዞው መነሻ ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ሳቀች። ቀጥላ ግን ወደኔ ዞር ብላ «ይህ ሰው ከደረጄ ይልቅ የታየውን ነገር በትክክል ተናገረ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያው ደረስን። የተቀበለችን አዋላጇ ሲስተር እቴነሽ ናት፤ ጸጉሯ የሸበተ፣ ከነጭ ጋዋኗ ላይ ጋቢ የደረበች፣ ድንች ቀቅላ ገብስ ቆልታ የጠበቀችን። በማዋለጃው ክፍል አልጋ ላይ ትዝታ የምትባል ልጅ እግር ወላድ ተኝታለች። ልጇ ከወሩ ቀድሞ የመጣ፣ የጨው አሞሌ የማያህል ፍጥረት ነው፤ ማሞቂያው ውስጥ ተኝቷል። ማሽኑ በእርግጥ እንደ ተኛ ድመት እያንኮራፋ ይሠራል። እቴነሽ ግን አላመነችውም። «አሁንማ እናንተ አላችሁ። ባለፈው ሲጮህብኝ ሕፃኑን አንስቼ እናቱ ደረት ላይ አሰርኩት። ደረት አይጮህም» አለች። ሂክማ ያን ቀን ማሽኑን ዙሪያውን ፈተሸችው፤ ምንም የለበትም። «እንግዳ እስከሆንኩ ድረስ አይጮህም፤ እንግዳነቴ እስኪያልቅ እቀመጣለሁ» ስላለች እዚያው አደርን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለ። እኔ ደጅ ላይ የሞላን በቅሎ እያየሁ፣ እሷም እያየችኝ፣ ተፋጠን ቆመናል። ሂክማ ፊቷን ልትታጠብ ወጥታ አጥሩ ዘንድ እንደ ተተከለች ቀረች። ሄድኩ። አጥሩ ላይ ነጭ ነገር ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል። «ምን ታያለሽ?» አልኳት። «ልብስ» አለች። «የማን?» ስላት «እሱን ነው ያጣሁት። አንተም የልብስ ሰፊ ልጅ ነህ፤ እስቲ ይህን የሚለብስ ሰው አሳየኝ» አለችኝ። አየሁት። በዳንቴል የተሠራ ነው፤ ሥራው ያማረ፣ ዳር ዳሩ ላይ የገብስ ዘለላ የወጣለት። እጅጌ የለውም። ደረቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ከታች ጥግ ላይ አውራ ጣት የምታሾልክ ክብ አለች። ትከሻው አራት ነው። «ይህን የሚለብስ ሰውማ ቢመጣ አባታችን አይሰፉለትም፤ ሣጥን ነው» አልኳት።

ሂክማ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች። ሜትሩን ታውቂዋለሽ፤ የአባታችን አሮጌው፣ ጫፉ የተበላው፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሰረቀቻቸው፣ እሳቸውም እንዳላዩ የሆኑት። ወርዱን ለካች። ቁመቱን ለካች። ከዚያ ሳትነግረኝ ወደ ክፍሉ ገባች፤ ተከተልኳት፤ ከማሽኑ ክዳን በታች ያለውን አካል ለካች። አንድ ነው። አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ሙቀቱ የሚነበብበት መስኮት ነው፤ ክቧ ገመዱ የሚወጣባት ናት። ተመልሳ ልብሱን ገለበጠችው። ዳንቴሉ ብቻውን ቢሆን ነፋስ ያሳልፍ ነበር፤ የሠራችው ሴት ግን ሥራ ማሳመር ታውቃለችና አቡጀዲ ገበር አድርጋበታለች። የኋላው፣ አየር የሚገባበት ወገን፣ ድርብ ነው።

እቴነሽ ተጠርታ መጣች፤ አጥሩን ስታይ ደነገጠች። «አየሽብኝ?» አለች ሂክማን። «ልብሱን እኔ ነኝ የሠራሁለት። ይህን ያህል ነፍስ የሚያድን ነገር እርቃኑን፣ ሽቦው እየታየ፣ አቧራ እየጠጣ ሲቆም አንጀቴ አልችል አለ። እንግዳ መጣ ሲባል ደግሞ እንዳያሳፍረኝ ገፍፌ አጥበዋለሁ፤ ይህ ጉም መች ያደርቅልኛል! እናንተ ራቁቱን አይታችሁት ትሄዳላችሁ፤ እሱ የሚደርቀው እናንተ ከሄዳችሁ ወዲያ ነው። በመጣችሁ ቁጥር እንዳፈርኩ ነው።» ሞላ ከበቅሎዋ አጠገብ ሆኖ «አማቴም እንግዳ ሲመጣ ነው የምትታጠበው» አለ።

ሂክማ ሕፃኑን ለትዝታ ደረቷ ላይ አስታቀፈቻት፤ ልብሱን እሳት ዳር አድርቀን ማሽኑን አለበስነው። ያማረበት መሆኑን ልደብቅሽ አልችልም። ተቀምጠን ጠበቅን። የተጣደው ድንች ሳይበስል ጮኸ። እቴነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ነኝ እንዴ አንቄው የኖርኩ?» አለች። ሂክማ አጠገቧ ተቀመጠች። «አንቱ አይደሉም ሲስተር። ራቁቱን የላክሁብዎት እኔ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው የኋላውን ገበር ፈቱት። ሂክማ ልትቀደው መቀስ ስትፈልግ እቴነሽ «ዳንቴል በመቀስ? እናትሽ ምን ብላ አሳደገችሽ!» ብላ በኪሮሿ ጫፍ አንድ በአንድ ተረተረችው። መልሰን አለበስነው። ጭጭ። ሕፃኑ ተመልሶ ገባ፤ ጭጭ። ትዝታ ከአልጋዋ ቀና ብላ «እንግዶቹ ሲሄዱስ?» አለች። ጥያቄው የሁላችንም ነበር። እቴነሽ «እንግዲህ ሂዱልና» አለችን፤ በሕይወቴ እንደዚያ በፍቅር ተባርሬ አላውቅም። ወረድን። ሂክማ ስልኩን በእጇ ይዛ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ክምር ድንጋይ ገባን፤ አልጮኸም። ሚኒባስ ተሳፈርን፤ አልጮኸም። ደብረ ታቦር ስንደርስ ራሷ ደወለች፤ እቴነሽ አንስታ «ምነው፣ ተኝቷል፤ አትቀስቅሽው» ብላ ዘጋችባት። ሂክማ ባጃጁ ውስጥ ጮክ ብላ አለቀሰች። ባለባጃጁ እኔ ያስለቀስኳት መስሎት እስከ ቤት ድረስ በመስታወቱ ሲገላምጠኝ ነበር።

የመስከረሙን ስብሰባ የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ እሷ ስለ ራሷ አታወራም። የነገረኝ ደረጄ ነው። ምክንያቱ በታወቀ ጊዜ ደረጄ በደስታ ዘሎ ሪፖርቱን ጻፈ፤ «የተጠቃሚ ስህተት፤ ማሽኑ እንከን የለበትም»። አንድ ገጽ አትሞላም። ሂክማ ፈርማ ብታቀርበው ወንበሩ የሷ ነበር፤ የሚወቀሰው ጉና ላይ ያለች አንዲት አዋላጅ ብቻ። አልፈርምም አለች። ደረጄ «አብደሻል፤ ራስሽን ልትከሺ ነው?» አላት። ባለአክሲዮኖቹ ፊት ቆማ «ስህተቱ የኔ ነው። እኔ ራዲዮ እንኳ ልብስ በሚለብስበት ቤት አድጌ፣ ሰው የሚወደውን ዕቃ እንደሚያለብስ እያወቅሁ፣ ሲለብስ የሚታፈን ማሽን ሠራሁ። የሐሙሲቱንና የሌሎቹንም ጠይቄያለሁ፤ ያልሸፈኑት ገና ስላላመኑት ነው። ሲወዱት ይሸፍኑታል። ስለዚህ የአየር መግቢያው ከጀርባ ወደ ሆዱ ሥር ይወርዳል፤ ልብሱንም ከማሽኑ ጋር እኛ እንልካለን» አለች።

ደረጄ እንደሚለው፣ ከዚያ አቶ ሙላቴ «ለካ!» አሉ። ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። ለካ የሳቸውም ባለቤት የወፍጮውን ሞተር ከዱቄት ልትጠብቀው በየማታው ጆንያ ታለብሰው ኖሯል፤ ለካ ያ ሁሉ ሞተር የተቃጠለው በፍቅር ነው። ሲረጋጉ እንዲህ አሉ፤ «ወፍጮ ቤት ስንት ሠራተኛ አይቻለሁ። ዱቄቱ ሲሻግት ሁሉም እህሉ ነው ይላል። እኔ ነኝ ያለ ሰው ዛሬ አየሁ። ይህችን ልጅ ትተን ማንን ልንሾም ነው?» እጅ ወጣ። ከደረጄ ጀምሮ ሁሉም አወጡ። እህታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነች፤ ማሞቂያውም ቀጠለ። አሁን ከዞኑ አልፎ ከሌላም ክልል እየመጡ ይጠይቃሉ።

የልብሱ ሥራ ለማን እንደተሰጠ ሳትገምቺ አትቀሪም። ጨረታ ወጥቶ ነበር፤ ሂክማ በዘመድ ተሰጠ እንዳይባል ከክፍሉ ወጥታ ቆማ፣ አባታችን አሸነፉ። ገበሩን እሳቸው ይሰፋሉ፤ ዳንቴሉን እናታችንና የገበያው ሴቶች፣ ጉና ላይ ደግሞ እነ እቴነሽ። አባታችን ግን ሳይለኩ አልሰፋም ብለው ማሽኑ በጋሪ ተጭኖ ሱቅ ድረስ መጣላቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ዙሪያውን ዞሩት። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደንበኛ አላገኘሁም፤ አይወፍር፣ አይከሳ፣ ለኢድ አድርሱልኝ ብሎ አይነዘንዝ» አሉ።

ትናንት ወደ አዲሱ ቢሮዋ የገባች ቀን ነበር። እናታችን ከሁላችን ቀድማ ዳንቴሏን በዘንቢል ተሸክማ ሄዳለች። ስንደርስ ጠረጴዛው ለብሷል፣ ኮምፒውተሩ ለብሷል፣ ማተሚያው ለብሷል፣ የሥራ አስኪያጇ ወንበር ከነመደገፊያው ለብሷል። ሠራተኞቹ በር ላይ ቆመው የሂክማን ፊት ያያሉ። እናታችን «አማረ?» አለቻት። ሂክማ «በጣም አምሯል እማ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት፤ ማንም ያያት ሳይመስላት ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ፣ የኮምፒውተሩን ልብስ ከኋላ በኩል ትንሽ ገለጥ አደረገችው። እናታችን ግን አይታታለች። ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ኪሮሿን ይዛ አዲስ ነገር ጀምራ አገኘኋት።

እንግዲህ ሰላምታውን ልጨርስ፤ አንዋር ሻንጣውን እየዘጋ ነው። አባታችን «ልኳ ያው ከሆነ ቀሚስ ልስፋላት፤ ከተለወጠ ትጻፍልኝ» እያሉ ሰላም ብለውሻል። ሂክማ ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ የላክሽላት ኮምፒውተር ዛሬም ከአዲሱ አጠገብ መቀመጡን ንገራት ብላለች። ባለቤቴና ልጆቼ እጅሽን ይስማሉ፤ ትንሿ አክስቴን እንዳልረሳት ብላ ስምሽን ግድግዳ ላይ ጽፋ ተገርፋለች። ሲስተር እቴነሽ ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች፤ የትዝታ ልጅ አሁን ከማሞቂያው ወጥቶ እንደ ልቡ ያለቅሳል ተብሏል። አቶ ሙላቴም፣ ደረጄም። ለአሮጊቷና አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላም በይልን። እናታችን ከሁሉም በላይ ሰላም ትልሻለች። በርበሬው ሥር ያለው ነጭ ነገር ከሷ ነው። ለምን እንደሚሆን ብጠይቃት «የምታለብሰው አታጣም» አለችኝ፤ ይህን ብቻ እንድጽፍልሽ አዝዛኛለች፤ «ከኋላው ክፍት ነው።»

ወንድምሽ
ነስሩ ሰዒድ

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.